ሁለት አስርዮሽ ቁጥሮች መቼ «እኩል» ይባላሉ?

ኮድ የምትጽፉም፣ የምትፈትሹም፣ ከፋይናንስና ከመስክ ክፍል የመጣችሁም ስላላችሁ ነገሩን ከሥሩ እጀምረዋለሁ። ፓይተን ከፍታችሁ 0.1 ሲደመር 0.2 ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት «አይደለም» ይላችኋል። ድምሩን አሳየኝ ብትሉት 0.30000000000000004 ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። ጃቫም ጃቫስክሪፕትም ከዚህ የተለየ መልስ የላቸውም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ስቆ ያልፈዋል፤ ወይም የቋንቋው ጉድለት ነው ብሎ ያማዋል። በእኔ እምነት ግን ኮምፒውተሩ በትክክል መልሷል፤ የተበላሸው ጥያቄው ነው። በስሌት የተገኘን አስርዮሽ ቁጥር «እኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የሚኖረው «በምን ያህል ልዩነት ውስጥ?» የሚለው አብሮ ሲጠየቅ ነው። ያን የልዩነት ወሰን፣ በሙያው ቋንቋ ቶለራንስ የምንለውን፣ ሊነግረን የሚችለው ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከአጻጻፍ ነው። እኛ አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ስንጽፍ 0.333 እያልን ማብቂያ እናጣለን። በዜሮና በአንድ ብቻ የሚጽፈው ኮምፒውተርም አንድ አስረኛን ጽፎ አይጨርሰውም፤ የሆነ ቦታ ላይ ቆርጦ ያጠጋጋዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውና ዊልያም ካሃን ከዋነኞቹ ቀራጮች አንዱ የሆነበት አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው መስፈርት፣ ደብል ለምንለው የፍሎቲንግ ፖይንት ቁጥር 64 ቢት ይመድባል፦ 1 ለምልክቱ፣ 11 ለኤክስፖነንቱ፣ 52 ለቁጥሩ አካል። በዚህ ቦታ ውስጥ 0.1 ሲገባ 0.1000000000000000055 ገደማ ይሆናል፤ 0.3 ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ጎድሎ 0.299999999999999989 ገደማ ላይ ያርፋል። አንዱ ተርፎ ሌላው ጎድሎ ሲገናኙ እኩል ባይሆኑ ምን ይገርማል? 0.1ን አሥር ጊዜ እየደመራችሁ ብትሄዱ የምታገኙት 1 ሳይሆን 0.9999999999999999 ነው። እናም «1 እስኪሆን ድረስ ቀጥል» ተብሎ የተጻፈ ሉፕ 1ን ዘሎት ያልፍና ማቆሚያ ያጣል።

«ይቺ ታህል ልዩነት ማንን ትጎዳለች?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረው የፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል ባትሪ ጊዜን የሚቆጥረው በአስረኛ ሰከንድ ነበር፤ አንድ አስረኛ ደግሞ በ24 ቢት ውስጥ ተቆርጣ ነበር የተቀመጠችው። በእያንዳንዱ ቆጠራ የሚጎድለው የሰከንድ 0.000000095 ገደማ ነው። ሲስተሙ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ግን ጉድለቱ ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ገባ፤ በሰከንድ ከ1,600 ሜትር በላይ ለሚበር የስከድ ሚሳኤል ይህ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሚሳኤሉ አልተመታም፤ 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። እርግጥ ያ ሲስተም ፍሎቲንግ ፖይንት አይጠቀምም ነበር፤ የእኩልነት ንጽጽር ስህተትም አልነበረም። የበሽታው ሥር ግን ያው የአንድ አስረኛ መቆረጥ ነው፤ ኢምንት ስህተት ሲደጋገም ኢምንት ሆኖ እንደማይቀርም ያሳያል።

እሺ፣ ቶለራንስ እንጠቀም ብለን ተስማማን እንበል። ትልቁ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አብዛኛው ሰው ቁጥሩን ከሌላ ሰው ኮድ ቀድቶ ይለጥፋልና። ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ማሽን ኤፕሲሎን የሚባለው 0.00000000000000022 ነው። ይህ በ1 እና ከ1 ቀጥሎ ባለው ደብል መካከል ያለው ክፍተት ነው። አንድ ሚሊዮን አካባቢ ግን ሁለት ጎረቤት ደብሎች የሚራራቁት በ0.0000000001 ገደማ ነው። ስለዚህ በኤፕሲሎን ማወዳደር እዚያ ላይ የእኩልነት ምልክቱን ስም ቀይሮ መጠቀም ብቻ ነው፤ ምንም አላተረፍንም። በሌላ ወገን 0.00001ን ለሁሉም ቦታ ብንወስድ፣ በግራም የተጻፉ 0.000004 እና 0.000009 የሆኑ ሁለት የመድኃኒት መጠኖች እኩል ናቸው ይባላል፤ አንዱ ግን የሌላው ከእጥፍ በላይ ነው። የጤፍ ኩንታል የሚመዘንበት ሚዛን ለወርቅ አይሆንም። ለዚህ ነው ከቁጥሩ መጠን ጋር የሚያድግ አንጻራዊ ቶለራንስ የሚያስፈልገው። ፓይተን ከ3.5 ጀምሮ ያስገባው ኢዝክሎዝ የተባለ ፈንክሽን ካልነገራችሁት በቀር ከሁለቱ ቁጥሮች የትልቁን አንድ ቢሊዮንኛ ልዩነት ይፈቅዳል። እሱም ቢሆን ዜሮ ላይ ሲደርስ ይሸነፋል፤ የማንኛውም ኢምንት ቁጥር አንድ ቢሊዮንኛ ከራሱ ስለሚያንስ፣ ቋሚ ወሰን ካልጨመራችሁለት ከዜሮ ጋር የሚተካከለው ዜሮ ራሱ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ መለኪያው አለ። የአዲስ አበባ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከምናምን ነው፤ በ32 ቢት ፍሎት ሲቀመጥ አንዱ እርምጃ መሬት ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ዳታ «ሁለቱ ነጥቦች በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው።

ቴስተሮች የሚያነሡት ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ ቶለራንስ ስህተት ይሸፍናል ይላሉ። ቴስቱ በወደቀ ቁጥር ወሰኑን ትንሽ ሰፋ፣ አሁንም ሰፋ የምናደርግ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ግን ወሰኑ ያለምክንያት መስፋቱ ላይ ነው፤ «መሣሪያው እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሳሳታል» ተብሎ የተቀመጠ ወሰን ሲጣስ አንድ ነገር መበላሸቱን በግልጽ ይናገራል። እግረ መንገዴን አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። «ልዩነቱ ከወሰኑ ከበለጠ ቴስቱ ይውደቅ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ስሌቱ ናን፣ ማለትም ቁጥር ያልሆነ ውጤት ቢያወጣ ቴስቱ ያልፋል፤ ናን ከምንም ነገር አይበልጥምና። «ልዩነቱ ከወሰኑ ካነሰ ወይም ከእሱ ጋር እኩል ከሆነ ይለፍ፣ አለዚያ ይውደቅ» ብላችሁ ገልብጡት።

ከፋይናንስ በኩል «ለምን ሁሉንም በትክክለኛ አስርዮሽ አንሠራም?» የሚል ይመጣል። ለገንዘብ ልክ ናችሁ፤ ብርን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር መያዝ ወይም ዴሲማል የተባለውን የቁጥር ዓይነት መጠቀም ነው የሚሻለው፤ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የት ላይ እንደሚጠጋጋም ተጽፎ ይቀመጥ። አንድ ሦስተኛን፣ ስኩዌር ሩትን፣ ከሴንሰር የሚመጣን ንባብ ግን ዴሲማልም አያድናቸውም። የእኩልነት ምልክቱን ጨርሶ እንከልክል ለሚሉትም አልስማማም። ሙሉ ቁጥሮች እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ በደብል ውስጥ ሳይዛነፉ ይቀመጣሉ፤ 0.5 እና 0.25ም እንደዚያው። ቶለራንስ የራሱ ጉድለትም አለበት፦ «ሀ» ለ«ለ» ቅርብ፣ «ለ» ለ«ሐ» ቅርብ ሆነው፣ «ሀ» ግን ከ«ሐ» ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ዳታ ለመደርደርም ሆነ ለዲክሽነሪ ቁልፍነት አትጠቀሙበት።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ኮድ ስትገመግሙ በሁለት የተሰሉ አስርዮሾች መካከል የእኩልነት ምልክት ካያችሁ ጸሐፊውን ጠይቁት። አሃዱና ምክንያቱ አጠገቡ ያልተጻፈበት የቶለራንስ ቁጥር ካገኛችሁ ኮዱን አትቀበሉ፤ መልሱት። እናንተ የፋይናንስና የመስክ ባልደረቦች ደግሞ፣ ስንት ሳንቲም ወይም ስንት ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንደምትቀበሉ በጽሑፍ ስጡን፤ እኛ ልንገምትላችሁ አይገባም።