“ከዚያስ? ከዚያስ ምን ሆነ?”

(ከዚህ በታች የምታነቡት፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ተወላጆች በቅርቡ በአንድ የዕድር አዳራሽ ተሰባስበው በነበረ ጊዜ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ እንጂ ሌላ የነካሁት ነገር የለም።)



“ስለ ጥሩ ታሪክ ተናገር” ብላችሁ ጠራችሁኝ። መቼም የመንዝ ሰው ጋብዞ ሲያበቃ ከባድ ሸክም ማሸከም ያውቅበታል! እኔ እዚህም እዚያም ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ስለዚህ የማወራችሁ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። ቅር የሚለው ካለ ቡናው እስኪፈላ ይታገሠኝ።

ከቤቴ ልጀምር። የእኅቴ ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከስልኩ ጌም ላይ አልነሣ አለ። አንድ ማታ ታዲያ ስልኩን ፍራሹ ላይ ወርውሮ “ይሄ ምን ዓይነት አጨራረስ ነው? ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው?” እያለ ሲነጫነጭ ሰማሁት። በዚያችው ደቂቃ ሳሎን ውስጥ እናቱ ተከታታይ ድራማዋን እያየች ነበር። እሷም “ኤዲያ! ይህን ሁሉ ክፍል ያየሁት ለዚህ ነው?” ብላ ቴሌቪዥኑን ጠረቀመችው። እናትና ልጅ ስለ ጌምና ስለ ድራማ ሲጨቃጨቁ የሚውሉ ናቸው። እሷ “ጊዜ ገዳይ” ትለዋለች፣ እሱ “የአሮጊት ወሬ” ይላታል። በዚያች ማታ ግን አንድ ቃል ተናገሩ። ለመሆኑ ሁለቱም የጎደለባቸው ነገር ምንድን ነው?

ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም፤ ከራሳችን ጓሳ አመጣዋለሁ። ከእናንተ መካከል ጓሳን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ብርዱ አጥንት የሚቆረጥም፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚመላለስበት የሣር አገር ነው። ሲነገር እንደኖረው ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ፣ አስቦና ጌራ። ያን ሰፊ ምድር እንዴት እንካፈለው አሉ። ጦር መማዘዝ ይችሉ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የመንዝ ሰው ሰበብ አጥቶ አያውቅም! እነሱ ግን በፈረስ እንወዳደር ተባባሉ። ፈረስ የሸፈነው ምድር የባለ ፈረሱ ይሆናል። ተነሡ፣ ጋለቡ። የአስቦ ፈረስ ብዙም ሳይሄድ ወደቀ። የጌራው ቀጠለ። አስቦ ትንሹን፣ ጌራ ትልቁን ድርሻ ያዙ።

ተረቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ አይረዝምም። ግን ስንት ትውልድ ተቀባበለው? እኔ ልጅ ሆኜ ስሰማው የወደቀው ፈረስ ያሳዝነኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያጠገበኝ ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ከሩጫው በፊት ታውቋል። ሁለቱም ወደው ገብተውበታል። ማን እንደሚቀድም ግን ማንም አላወቀም። ፈረሱ ሲወድቅም “እንደገና እንሩጥ” ያለ የለም። አስቦ ዋጋውን ከፈለ። የከፈለውም በወሬ ሳይሆን በመሬት ነው። ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በቀን ቀጠሮ የሚከፍተው የቀሮ ሥርዓት የቆመው በእነዚህ አቅኚ አባቶች ስም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮን አፈረሰው። ተረቱን ግን አላፈረሰውም። ሕዝቡ በኋላ ኮሚቴ አቋቁሞ ሣሩን እንደገና መጠበቅ ሲጀምር ከዜሮ አልጀመረም።

አሁን ወደ እኅቴ ልጅ ልመለስ። “ማስ ኢፌክት 3” የሚባል ጌም ነበር፣ በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. የወጣ። የመጀመሪያው ክፍል ከወጣበት ከ2007 ጀምሮ ተጫዋቾቹ ማንን እንደሚያድኑ፣ ማንን እንደሚተዉ ራሳቸው ሲመርጡ ቆይተዋል። በአንደኛው ክፍል የሞተ በሦስተኛው አይገኝም። እንዲህ እየተባለ አምስት ዓመት ተሄደና መጨረሻው ላይ ሲደርሱ የያ ሁሉ ምርጫ ውጤት በጣም ተቀራራቢ የሆኑ ጥቂት አጨራረሶች ብቻ ሆነ። ምን አለፋችሁ፣ ጩኸቱ ዓለምን አዳረሰ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የተራዘመ አጨራረስ ሠርቶ በነፃ ለመልቀቅ ተገደደ። አንዳንዱ “ለጌም ይህን ያህል?” ብሎ ሳቀባቸው። እኔ አልሳቅሁም። የእነዚያ ተጫዋቾች ቁጣ በእኛ ቋንቋ ሲነገር፣ ፈረሱ ወደቀም ጋለበም ድንበሩ እዚያው ሆነብን ማለት ነው።

ስለ ጨዋታ ካነሣሁ አይቀር ሰንጠረዥን ሳልጠቅስ ባልፍ አባቶቻችን ይታዘቡኛል። የጥንቱን የመኳንንቱን ሰንጠረዥ ማለቴ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቶ ጽፎለታል። ይህ ጨዋታ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለውም። “ወረራ” ይሉታል። ሁለቱም ተጫዋቾች እንዳሻቸው ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ ይሠራል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ደም ሲፈስ ሕግ ይገባል እንደማለት ነው! ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መጨረሻው ነው። ንጉሡን ማት ማድረግ ብቻውን አያስመሰግንም። በጉልበተኛው በደር የጨረሰ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ አይደነቅም። በመደቅ፣ በዚያች ተራ ወታደር፣ ንጉሡን መውጫ ያሳጣው ነው የሚጨበጨብለት። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ከጨዋታ የሚፈልጉት ማሸነፍን ብቻ ነበር ትላላችሁ?

“መጨረሻው ያልተጠበቀ ሲሆን ነው ታሪክ የሚጥመው” የሚሉ አሉ። ፊልም ሠሪዎቻችን በተለይ ይህን የሙጥኝ ብለውታል። እስቲ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን አስቡት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙት መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጻፉት እኮ! መቃብር ነው ብለው ነገሩን። ደብቀው የያዙት ነገር የለም። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሥራ ፈታ፣ አለቀሰ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንደማይሆንላቸው እያወቅን ነው ያለቀስነው። እንዲያውም ስለምናውቅ ነው። እያንዳንዷ እርምጃ ከሰዎቹ ጠባይና ካገሩ ደንብ ተነሥታ ወደዚያ መቃብር ስትሄድ፣ እንደ ዘመድ ቆመን “ተው፣ በዚያ አትሂድ” እንላለን። አይሰማንም።

ከፊልም ደግሞ የኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” አለ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው። አንበርብር ከአውሮፓ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ ቤት ይመለሳል። ምን ነካው? ፊልሙ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፣ ተመልካቹን ያደክማል። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ጥያቄ አይረሳም። ስለ እግሩ ጠየቅን፣ ስለ እግሩ ተነገረን። ብዙዎቹ ያገራችን ፊልሞች ግን በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አምስት ጥያቄ ይጠይቁና ስድስተኛውን ይመልሱልናል! ጀግናው መኪና ይገጨውና ሁሉንም ይረሳል። ደራሲውም አብሮ ይረሳል። (የፊልም ሰዎች ካላችሁ አትቀየሙኝ፣ ቲኬቱን በገንዘቤ ነው የገዛሁት።)

መጨረሻ የለሽ ታሪክ ከሲኒማ ቤት ውጭም ሞልቷል። በዜና ስንት ጊዜ ሰማን? “ጉዳዩ እየተጣራ ነው፤ ምርመራው ሲጠናቀቅ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል።” ንጉሡም፣ ደርግም፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትም ይህችን ዓረፍተ ነገር ይወዷታል። ከዚያስ? ዝም። በዓሉ ግርማ “ኦሮማይ”ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፣ መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። የዚያን ጊዜ ባለ ሥልጣናት ሞቱ፣ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ መጽሐፍም ጻፉ። ያቺን አንዲት ገጽ ግን የጻፈልን የለም። አገሩን በታሪክ አጨራረስ ያረካ ደራሲ የራሱ ታሪክ መጨረሻ ተነፈገው። ዛሬም በአማራ ክልል፣ በየቤታችን ጓዳ፣ “ወጣ፣ ከዚያስ?” የሚባልለት ልጅ ያለው ሰው ከእናንተ መካከል እንዳለ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም።

እንዲህ ስል ታዲያ እኔ ራሴ መልስ ያጣሁለት ነገር አለኝ። ስለ አያቴ ልንገራችሁ።

እምዬ ተረት አዋቂ ነበረች። ማታ ባና ለብሰን እሳት ዳር ስንቀመጥ “ተረት ተረት” ትላለች፣ “የላም በረት” እንላለን። ሲያልቅም “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ” ብላ ትዘጋለች። የነገረችን እንደ ብድር ነው፣ ይመለሳል። አንዱን ተረት ግን እንዲህ ብላ ዘግታው አታውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ ቤት ውስጥ እሳት ጠፋና እናቱ ከጎረቤት እሳት ጭረህ አምጣ ብላ ላከችው። ጎረቤቶቹም “የእኛም ጠፍቷል፣ ከማዶ ሞክር” አሉት። ማዶ ሄደ፣ እነሱም “ከዚያኛው ጋራ ሂድ” አሉት። እንዲህ እያለ ጋራ ለጋራ ሄደ፣ ሄደ...

“ከዚያስ እምዬ? ከዚያስ ምን ሆነ?”

“ገና እየሄደ ነዋ፣ ልጄ።”

እንናደድ ነበር። “ውሸትሽን ነው! ጨርሺልን!” እንላታለን። “አላለቀም እኮ፣ ምኑን ልጨርሰው?” ትላለች። እሳቱን ትቆሰቁስና ወደ ሌላ ተረት ትገባለች።

ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ። አጎቴ በ1981 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ግንቦት 1983 ደርግ ወደቀ። ወታደሩ በእግሩም በመኪናም እየተንጠባጠበ ወደየቀዬው ተመለሰ። እሱ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። እምዬ ጥቁር አልለበሰችም፣ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ጋቢውንም ለማንም አልሰጠችም።

እናቴ እንደነገረችኝ፣ አንድ ቀን አብሮት የነበረ ወታደር መንገድ ጠይቆ ቤቷ መጣ። አጎቴን አውቀዋለሁ አለ። እምዬ ውኃ አምጥታ እግሩን አጠበችው፣ እንጀራ አቀረበችለት፣ ጠላ ቀዳችለት፣ አጎዛ አነጠፈችለት። ሰውዬው ጠጥቶ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠርጎ “እማማ፣ የመጣሁትስ...” ሲል ብድግ አለች። “ልጄ፣ መንገደኛ ነህ፣ ይመሽብሃል” ብላ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ አሲዛ እስከ በር ሸኘችው። አፉን በዳቦ አበሰችለት፤ ተረቱን ግን አልተቀበለችውም። እናቴ ከኋላው ሮጣ ልትጠይቀው ብላ ነበር። እምዬ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት።

እኔ እዚህ ቆሜ መጨረሻ የሌለው ታሪክ አያጠግብም እላለሁ። እሷ መጨረሻው በሩ ላይ መጥቶ ቆሞላት በስንቅ ሸኘችው። ትክክል ነበረች? እናቴ እስከ ዛሬ “አልነበረችም፣ እኔም እኅት ነበርኩ” ትላለች።

እምዬ በ2009 ዓ.ም. ዐረፈች። አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። ለአርባዋ ስንዘጋጅ ቄሱ ለጸሎት የቤተሰቡን ስም በወረቀት መዘገቡ። ሙታኑን ለብቻ፣ ሕያዋኑን ለብቻ። አጎቴ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አነሡና “ይህንንስ ከየትኛው ልጻፈው?” አሉ። እናቴ እኔን አየች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በየዓመቱ ተዝካር በመጣ ቁጥር ቄሱ ያንኑ ወረቀት ይዘው ያንኑ ይጠይቁናል።