የመንገደኛው የእጅ ቦርሳና የሚመለስለት ታክስ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ወደ ፓሪስ የሚሄድ መንገደኛ ከወዳጅ ዘመድ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ቦርሳውን እዚያው ግዛ፤ ታክሱን አውሮፕላን ማረፊያ ይመልሱልሃል» የሚል ነው። ምክሩ በከፊል እውነትነት አለው። ነገር ግን የሚመለሰው ስንት ነው? ለማን ነው? ስለ ምንስ ይመለሳል? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ይድበሰበሳል። ጥያቄው በመጨረሻ ወደ ሒሳብ ባለሙያው ዘንድ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ነገሩን ከሥሩ መመልከቱ ተገቢ ይሆናል።

የተጨማሪ እሴት ታክስ እ.ኤ.አ. በ1954 በሞሪስ ሎሬ አማካይነት የተጀመረው በዚያው በፈረንሳይ ነው። የታክሱ መሠረታዊ ሐሳብ ዕቃው ጥቅም ላይ በሚውልበት አገር ይከፈል የሚል ነው። ስለሆነም ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ከታክሱ ነጻ ይወጣል። በአገራችንም ታክሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ የወጪ ንግድ በዜሮ ምጣኔ መታየቱ በዚሁ ሐሳብ ነው። የመንገደኛው ቦርሳም በሕግ ፊት ትንሽ የወጪ ንግድ ነው። ገንዘቡ የሚመለሰው ቦርሳው በመገዛቱ ሳይሆን ከአገር በመውጣቱ ነው።

ወደ ሒሳቡ ሲገባ፣ የፈረንሳይ መደበኛ ምጣኔ 20 በመቶ ነው። ታክስን ጨምሮ 1,200 ዩሮ የተለጠፈበት ቦርሳ የታክስ በፊት ዋጋው 1,000፣ ታክሱም 200 ዩሮ ነው። ይህም ከተለጠፈው ዋጋ አንድ ስድስተኛ ወይም 16.67 በመቶ እንጂ 20 በመቶ አይደለም። ሥራውን የሚያከናውነው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ለመንገደኛው የሚመልሰው ከተለጠፈው ዋጋ 12 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ገዢው 144 ዩሮ ያገኛል፤ ቀሪው 56 ዩሮ የአገልግሎት ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

ሥነ ሥርዐቱም የታወቀ ነው። ገዢው ዕድሜው ከ16 ዓመት ያላነሰ፣ ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ፣ በፈረንሳይ የሚቈየውም ከስድስት ወር ያነሰ መሆን አለበት። ግዢው ከ100 ዩሮ መብለጥ ይኖርበታል። ሻጩ ፓስፖርቱን አይቶ ቅጹን ይሞላል። መንገደኛው ሻንጣውን ለአየር መንገዱ ከማስረከቡ በፊት «ፓብሎ» በተባለው መሣሪያ ቅጹን ያስነብባል፤ የጉምሩክ ሹም ቦርሳውን ልይ ቢል ማሳየት ግዴታው ነው። ጉዞው በሌላ የኅብረቱ አገር በኩል ከሆነና ቦርሳው በእጅ ከተያዘ፣ ማረጋገጫው የሚሰጠው በመጨረሻው መውጫ በር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በነዋሪነት ጉዳይ ነው። መብቱን የሚወስነው የፓስፖርቱ ዜግነት አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ፓሪስ የሚኖር ሰው አያገኝም፤ አዲስ አበባ የሚኖር ፈረንሳዊ ግን ያገኛል። ከዚህ የተነሣ በዘመዳሞች መካከል አንድ ፈተና ይመጣል። ለጥየቃ የመጣችው እህት በስሟ ቅጹን እንድታስሞላ፣ ቦርሳው ግን ፓሪስ ለምትኖረው እንዲቀር ትለመናለች። ልመናው የፍቅር ቢመስልም፣ ቅጹ ያልወጣን ዕቃ ወጥቷል ብሎ የሚመሰክር ሐሰተኛ ሰነድ ይሆናል። ሲደረስበት ታክሱን ከማስመለሱ በላይ መቀጫ ያስከትላል፤ ተጠያቂዋም በስሟ የተሞላባት እንግዳዋ ናት።

የብሪታንያ ታሪክ ይህን ያጠናክራል። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ መንገደኛው ዕቃውን በሻንጣው ይዞ ታክሱን የሚያስመልስበት ሥርዐት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። ሻጩ ራሱ በቀጥታ ወደ ውጭ አገር የሚልከው ዕቃ ግን ዛሬም ከታክሱ ነጻ ሊሆን ይችላል። የመንገደኛው ጥቅም በመንግሥት ፈቃድ የሚቆም የሚቀር ነው፤ የወጪ ዕቃ መርሕ ግን ጸንቶ ይኖራል።

ታክሱ በመውጫው በር ተመለሰ ማለት በመግቢያው በር ያለው ሕግ ቀረ ማለትም አይደለም። ቦርሳው በሚገባበት አገር ጉምሩክ መግለጽ የሚገባው ከሆነ መግለጽ የመንገደኛው ፈንታ ነው፤ የመውጫው ቅጽም ዋጋውን በግልጽ ይናገራል።

እንግዲህ ደንበኛው «ስንት ይመለስልኛል?» ብሎ ሲመጣ፣ ባለሙያው ከስሌቱ በፊት «ቦርሳው የት ሊኖር ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ለዚህ እውነተኛ መልስ ከተገኘ ሌላው ሁሉ የሒሳብ ሥራ ብቻ ይሆናል።