ከሳተላይት የምናገኘው ከፍታና የምንጭ ውኃ ሥራችን
(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎችና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ርእሳችን በስሙ ሲጠራ የቀያሾችና የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ርእሱ ከፍታን በሳተላይት መለካት ነው። ነገር ግን ምንጭ አጎልብቶ በቧንቧ ወደ መንደር ለማውረድ የተነሣ ደብር ሁሉ፣ ያወቀውም ያላወቀውም፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ገብቷል። ምእመናን ከጓዳቸው ቀንሰው ያዋጡት ገንዘብ፣ በበጋ ፀሐይ የተቆፈረው ቦይ፣ እናቶች ከዛሬ ነገ ይደርስልናል ብለው የሚጠብቁት ውኃ፣ እነዚህ ሁሉ የሚጸኑት ወይም የሚወድቁት በአንድ ቁጥር ላይ ነው። ይኸውም ምንጩ ከቦኖው በስንት ሜትር ከፍ ይላል የሚለው ነው።

ዛሬ ይህን ቁጥር ለማግኘት ብዙዎች ወደ እጅ ስልካቸው ይመለከታሉ። ስልኩ ምንጩ ጋ «2,436»፣ ቦኖው ጋ «2,418» ይላል። ልዩነቱ 18 ሜትር ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ቧንቧም ይገዛል። ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን፣ ለምንስ እንደማይታመን፣ በምንስ እንደሚተካ ነው ዛሬ አብረን የምንመረምረው።

ሳተላይቱ የሚነግረን ምንድን ነው?

ጂፒኤስ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ሥርዓት ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ቤይዱ የተባሉ ተመሳሳይ ሥርዓቶች አሏቸው። ሳተላይቱ ርቀትን አይለካልንም፤ ሰዓትን ይነግረናል። በእጃችን ያለው መቀበያ ምልክቱ የተላከበትን ጊዜ ከደረሰበት ጊዜ ጋር አነጻጽሮ፣ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያሰላል። ብርሃን በአንድ ሰኮንድ ሚሊዮንኛ ክፋይ 300 ሜትር ይጓዛልና፣ የሰዓት ጥቂት መዛባት በምድር ላይ ብዙ ሜትር ይሆናል። የመቀበያው ሰዓት እንደ ሳተላይቱ ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነ፣ ቦታን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው ለሰዓቱ ማረሚያ ነው ብለን ልንረዳው እንችላለን።

እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ የጂፒኤስ ምልክት ለሲቪል ተጠቃሚዎች ሆን ተብሎ ይደበዝዝ ነበር፤ ስሕተቱም እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ያ ከተነሣ በኋላ፣ ሰማይ በተከፈተበት ቦታ የእጅ ስልክ የቆምንበትን ስፍራ በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ ያመለክታል። ይህ ግን በአግድም ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚታየው ስሕተት በአብዛኛው ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ከፍታው ለምን ይብስበታል?

ምክንያቱ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችን መሆናቸው ነው። በምሥራቅና በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ሳተላይት ስላለ፣ የአንዱን ወገን ስሕተት የሌላው ወገን ያቃናዋል። ከእግራችን በታች ያሉትን ግን ምድር ራሷ ጋርዳብናለች። ስለዚህ ከፍታን ከሁለት ወገን የሚይዝልን የለም። በዚህ ላይ ምልክቱ በከባቢ አየር ሲያልፍ ይዘገያል። የምድር የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ከላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል አየር በእኛ ሰማይ በተለይ ይታወካል። ሌላም አለ። መቀበያውን በቤተ ክርስቲያን ደን ጥላ ሥር ብናቆመው ዛፎቹ ምልክቱን ያዳክሙታል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ወይም ከገደል አጠገብ ብናቆመው ምልክቱ ነጥሮ በረዘመ መንገድ ይደርሳል። ቁጥሩ ያን ጊዜም በስልኩ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ መጥራቱ ግን እውነተኛነቱን አያሳይም።

አሁን ወደ 18 ሜትራችን እንመለስ። በእያንዳንዱ ንባብ ላይ እስከ 10 ሜትር ስሕተት ቢኖር፣ እውነተኛው ልዩነት እስከ 38 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ምንጩ ከቦኖው 2 ሜትር ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በመጀመሪያው ውኃው ይወርዳል፤ በሁለተኛው አይንቀሳቀስም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን በሁለቱም አንድ ነው።

ከፍታ ከምን ተነሥቶ ይቆጠራል?

ከመሣሪያው ድካም ሌላ፣ በመሠረቱ ልንረዳው የሚገባ ነገር አለ። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ አባቶች ይህን ከሁላችንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። 2017 ዓመተ ምሕረት ብንልም፣ 7517 ዓመተ ዓለም ብንልም፣ የምንናገረው ስለ አንድ ዓመት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የተለያዩት መነሻቸው ስለተለያየ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ሳይለይ የሚቀንስ ሰው ግን 5500 ዓመት ይስታል። ከፍታም እንዲሁ ነው።

ሳተላይቱ ከፍታን የሚቆጥረው ኤሊፕሶይድ ከሚባል፣ በሒሳብ ከተበጀ ለስላሳ ቅርጽ ተነሥቶ ነው። የምድር ወገብ ግማሽ ስፋት 6,378,137 ሜትር፣ ወደ ዋልታው ያለው ደግሞ ከዚህ በ21 ኪሎ ሜትር ያህል ያነሰ ሆኖ የተሣለ ጠፍጠፍ ያለ ኳስ ነው። ይህ ቅርጽ በወረቀት እንጂ በምድር ላይ የለም። ውኃ አያውቀውም። ውኃ የሚታዘዘው ለምድር ስበት ነው። በስበት ብቻ የተረጋጋ ባሕር ከየብስ በታች ሁሉ ቢዘረጋ የሚይዘውን ገጽ ሊቃውንቱ ጂኦይድ ይሉታል፤ በተለምዶ «ከባሕር ወለል በላይ» የምንለው ከፍታ ከዚህ ገጽ የሚቆጠር ነው። በምድር ውስጥ ያለው ቋጥኝ በየስፍራው ክብደቱ ስለሚለያይ ጂኦይዱ ከኤሊፕሶይዱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከሕንድ በስተደቡብ ባለው ባሕር 100 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በኒው ጊኒ አካባቢ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በእኛም አገር ልዩነቱ በሜትሮች የሚቆጠርና ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ነው።

አንዳንድ ስልኮች ከኤሊፕሶይዱ የተቆጠረውን ከፍታ፣ ሌሎች ወደ ባሕር ወለል የተቀየረውን ያሳያሉ። በአንድ መንደር ክልል ውስጥ ሁለቱንም ነጥቦች በአንድ ዓይነት መነሻ ብንለካ ይህ ልዩነት በማቀናነስ ይጠፋል። ምንጩን በአንዱ ስልክ፣ ቦኖውን በሌላው፣ ወይም አንዱን በስልክ ሌላውን ከካርታ ብንወስድ ግን ዓመተ ምሕረትን ከዓመተ ዓለም እንደ ቀነስን እንቆጠራለን። ካርታውም ቢሆን ወሰን አለው። በአገራችን የ1፡50,000 ካርታዎች ላይ የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት የተሣሉ ናቸውና፣ 18 ሜትርን ከእነርሱ ማንበብ አይቻልም። ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆነን ራስ ዳሸን ነው። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ተብሎ ተምረናል፤ በሌሎች መጻሕፍት 4,550፣ 4,543፣ 4,533 ተብሎ እናገኘዋለን። ተራራው አላደገም፣ አልቀነሰምም፤ የተለያየው አለካኩ ነው።

ቧንቧው ምን ይጠይቃል?

ውኃ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ቧንቧው ላይ 10 ባር ተብሎ የተጻፈበት 100 ሜትር የውኃ ቁመት፣ 6 ባር የተባለው 60 ሜትር ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ 95 ሜትር ነው ብለን 10 ባር የሚችለውን ብንዘረጋና እውነቱ 115 ቢሆን፣ ቧንቧው ቀን ቀን ምንም ሳይሆን ሊቆይ ይችላል፤ ውኃው በሚፈስበት ጊዜ የግፊቱ ከፊል በመንገድ በሰበቃ ይጠፋልና። ቦኖዎቹ ሁሉ በሌሊት ሲዘጉ ግን ሙሉው ግፊት ታችኛው ጫፍ ላይ ያርፋል። ልዩነቱ በእርግጥ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመካከል ግፊቱን የሚያበርድ ክፍት ገንዳ ይሠራል።

ሁለቱን ጫፎች ብቻ መለካትም አይበቃም። ቧንቧው በመንገዱ ሸለቆ ከተሻገረ፣ ከፍተኛው ግፊት የሚያርፈው ሸለቆው ውስጥ እንጂ ቦኖው ጋ አይደለም። ጉብታ ከወጣ ደግሞ እዚያ ላይ አየር ይታፈናል፤ ጉብታው ከሚገባው በላይ ከፍ ካለም ውኃው አያልፈውም። ስለዚህ የሚለካው መስመሩ በሙሉ ነው።

እንግዲህ በምን እንለካ?

የመጀመሪያው መንገድ ግንበኞቻችን የሚያውቁት የውኃ ልክ ነው። ቀያሽ ያለው ወረዳ መሣሪያውን በሦስት እግር ላይ አቁሞ፣ በፊትና በኋላ የተተከሉትን የተመተሩ በትሮች እያነበበ ከነጥብ ነጥብ ይሻገራል። መሣሪያ የሌለው ደብር ደግሞ በግልጽ ላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልቶ፣ የአየር አረፋ አለመኖሩን አይቶ፣ በሁለት የተመተሩ እንጨቶች ላይ የውኃውን አፍ እያነበበ የመጀመሪያ ግምት ማግኘት ይችላል። በሁለቱም ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ወርዶ ለክቶ፣ ተመልሶ ወጥቶ እንደገና መለካት። የወረደውና የወጣው ድምር እኩል መሆን አለበት። የሠለጠነ ሰው በ2 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የሚያገኘው ልዩነት በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው። በሜትር ከተለያየ ግን ሥራው ይደገማል።

ሁለተኛው መንገድ ሳተላይቱን በአግባቡ መጠቀም ነው። ባለሙያዎች ሁለት መቀበያዎች ይይዛሉ። አንዱ ከፍታው በሚታወቅ ነጥብ ላይ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፤ ሌላው በመስመሩ ላይ ይዞራል። በአንድ አካባቢ ያሉ ሁለት መቀበያዎች የሳተላይቱንና የሰማዩን ስሕተት በአንድነት ስለሚቀበሉ፣ ሲቀናነሱ ስሕተቱ አብሮ ይወድቃል። በዚህ መንገድ ከፍታ በሴንቲሜትሮች ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሳተላይቱን የምንነቅፍ አይምሰላችሁ። የምንለው፣ በኪስ የሚያዘው ስልክና ይህ አሠራር አንድ አይደሉም ነው። ስልኩም የራሱ ጥቅም አለው፤ ምንጩ የት እንዳለ ለመመዝገብ፣ የቧንቧውን መንገድ በካርታ ላይ ለመሣል፣ ከብዙ ምንጮች መካከል የትኛው መታየት እንዳለበት ለመምረጥ ያገለግላል። ለቧንቧ ግዢ ግን አያገለግልም።

ኮሚቴዎች ምን ይጠይቁ?

የሰበካ ጉባኤ አባል መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለባለሙያው እንድታቀርቡ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከፍታው በምን መሣሪያ ተለካ? ሁለተኛ፣ ከምን መነሻ ተቆጠረ፤ ሁሉም ነጥቦች በአንድ መነሻ ናቸውን? ሦስተኛ፣ ተመልሶ ተለክቷልን፤ ልዩነቱስ ስንት ሆነ? አራተኛ፣ በመስመሩ ላይ ያለው ዝቅተኛና ከፍተኛ ስፍራ የት ነው? አምስተኛ፣ በሌሊት ቦኖዎቹ ሲዘጉ ታችኛው ቧንቧ የሚሸከመው ግፊት ስንት ነው? መልሶቹ ከቁጥሮቹ ጋር በቃለ ጉባኤ ይጻፉ። ልኬቱ የተነሣበት ነጥብም በማይነቀል ድንጋይ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ነገ መስመሩን ለማስቀጠል የሚመጣው ትውልድ ከዚያ ይነሣልና።

ጌታችን በወንጌል፣ ግንብ ጀምሮ መፈጸም ስላቃተው ሰው ያስተማረውን ካህናት በዐውደ ምሕረት ትሰብካላችሁ። ምድራችን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ከዳሎል ጀምሮ እስከ ራስ ዳሸን ጫፍ ከፍና ዝቅ የበዛባት ናት። ይህ ቁልቁለት ያለ ነዳጅና ያለ ሞተር ውኃ የሚያወርድልን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ስጦታውን በትክክል ለመቀበል የምናወጣው የጥቂት ቀን ልኬት፣ ከአንድ ጥቅል ቧንቧ ዋጋ አይበልጥም ብለን አንከራከርም። ቢበልጥም እንኳ ሊወጣ ይገባዋል፤ የድኻ መዋጮ ዳግመኛ አይጠየቅምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።