የመኃልየ መኃልይ ሽቱ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሽቱ ነው። ይኸውም የፋብሪካ ቅመም ሳይገባበት ከዛፍ ሙጫና ከአበባ ብቻ ተሠርቶ፥ መልኩን ከጥንታዊ መጽሐፍ የሚያገኝ የፍቅር ሽቱ ነው። እኛ የመረጥነው መጽሐፍ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። መጽሐፉ 8 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ከ8ቱም ውስጥ መዐዛ የማይነሣበት አንድ እንኳ የለም። አንዱ የፈሰሰ ዘይት፥ አንዱ ያበበ ወይን፥ አንዱ እንኮይ፥ አንዱ የቅመም ተራራ ይጠራል። ከርቤ ብቻውን በዕብራይስጡ በ7 ቁጥሮች ተጽፏል።

አሳቡ ገና ሲነሣ ከመካከላችን የተቃወመ አልጠፋም። «ይኸ መጽሐፍ በሊቃውንቱ ትርጓሜ የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ፍቅር ነው፤ እናንተ ጠርሙስ ውስጥ ልትከቱት ነውን?» ተባልን። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ትርጓሜው ራሱ የሚነሣው ከንባቡ ነው፤ ንባቡም የሚናገረው ስለ ከርቤና ስለ ናርዶስ ነው። ከርቤ አሽትቶ የማያውቅ ሰው ምሥጢሩን ቢሰማ ግማሹን ብቻ እንደ ሰማ ነው ብለን እናምናለን። እንግዲህ የእኛ ሥራ ንባቡን በአፍንጫ ማንበብ ነው፤ ከዚያ የሚያልፈውን ለመምህራኑ እንተዋለን።

ሽቱ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መጽሐፉ ምን ምን ይጠራል?» ሳይሆን «መጽሐፉ ውስጥ ሽታ ምን ይሠራል?» መሆን አለበት። 5ኛውን ምዕራፍ ተመልከቱ። ሌሊት ነው። ወዳጅ ደጅ ይመታል፤ እርስዋ ልብሷን አውልቃ እግሯን ታጥባ ተኝታለችና ለመነሣት ታመነታለች። በመጨረሻ ተነሥታ ስትከፍት ከእጇ ከርቤ በመቀርቀሪያው ላይ ይንጠባጠባል፤ እርሱ ግን ሄዷል። ከዚያ በኋላ ከተማውን ስትዞር ጠባቂዎች ይደበድቧታል። እዚህ ላይ ሽታ ጌጥ አይደለም፤ ሰው ሲሄድ የሚቀረው ነገር ነው። ደግሞም የሚቀረው መራራ ነው። ስለዚህ ሲቀቡት ወዲያው ጣፍጦ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚጠፋ ሽቱ፥ ጠርሙሱ ላይ የሰሎሞን ስም ቢጻፍበትም፥ መጽሐፉን አልመሰለም።

ተፈጥሮም በዚህ ትረዳናለች። እንደ ሎሚ ልጣጭ ያለው ቀላል ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፤ ሙጫ ግን ሰዓታት ይቆያል። መጽሐፉ አጥብቆ የሚወዳቸው ከርቤና ዕጣን ሁለቱም ሙጫ ናቸው።

ሌላው ነጥብ ዘይት ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ሽቱ አብዛኛው በአልኮል የተበጠበጠ ነው። በዚያ ዘመን ግን ሽቱ ማለት ቅመም የተነከረበት ዘይት ነበረ። መጽሐፉ በመግቢያው የወዳጅን ስም ከፈሰሰ ዘይት ጋር የሚያስተያየው በከንቱ አይደለም፤ በዕብራይስጥ ስም «ሼም» ነው፥ ዘይት «ሼመን» ነው፤ ሁለቱ ቃላት እንደ ቅኔ ይጫወታሉ። የእኛ «ስም» የዚያው የ«ሼም» ዘመድ ስለ ሆነ ጨዋታው ግማሽ በግማሽ ለእኛም ይሰማል። ደግሞስ ጠጅ ሣርና አሪቲ የገባበትን ቅቤ አናታቸው ላይ የሚያደርጉ እናቶች ላሳደጉን ልጆች፥ መዐዛን በስብ መያዝ አዲስ ትምህርት ነውን?

ስለዚህ መሠረቱን የሰሊጥ ዘይት አደረግን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር ዘይት 10 ግራም ከርቤና 5 ግራም ዕጣን ወቅጦ መጨመር፤ ከርቤ ሲሞቅ ስለሚጣበቅ በቀዝቃዛ ሰዓት መውቀጥ ይሻላል። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሞ 3 ሰዓት ያህል ማቆየት፤ እሳት በቀጥታ አይንካው፥ ውሃውም አይፍላ። ከዚያ በጨለማ ቦታ 2 ሳምንት አስቀምጦ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ማጥለል። ሙጫው ሁሉ አይሟሟም፤ በውሃ እንጂ በዘይት የማይሟሟ ክፍል አለውና ከታች የሚቀረው ዝቃጭ አያስደንግጣችሁ። መዐዛው ወደ ዘይቱ አልፏል። በመጨረሻ ጥቂት የሳፍሮን ክሮች ይገቡበታል፤ ሳፍሮንም በመጽሐፉ አለ።

ስለ ዕጣናችን አንድ ነገር እንጨምር። በትግራይ፥ በመተማና በቤንሻንጉል የሚበቅለው ዛፍ ከዐረብ አገሩ ዕጣን ዛፍ የተለየ ዓይነት ነው። በተናኝ ዘይቱ ውስጥ የሚበዛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን የፍራፍሬ ጠረን አለው፤ የዐረቡ ግን ወደ ጥድ ሽታ ያደላል። ከርቤው ሲመርር ይኸ ዕጣን ከጎኑ ሆኖ ያለዝበዋል። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል ከርቤውን እንይዛለን፤ ነገር ግን አንድ ላይ ሲሆኑ ያምራሉ።

አሁን ወደ ተውናቸው እንምጣ፤ ብዙ ክርክር የተነሣው በዚህ ነበርና። ጽጌረዳን ተውን። «የሳሮን ጽጌረዳ» የሚለው የተለመደ ትርጉም ነው እንጂ ዕብራይስጡ የሚጠራው አበባ ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ኮረት ያለው ተክል ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የዕፀዋት ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ከዚህም በላይ አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3,000 ኪሎ የሚበልጥ አበባ ያስፈልጋል፤ የተማሪ ኪስ አይችለውም። ቀረፋን ተውን፤ ዘይቱ ቆዳ ያስቆጣል። የሽቱ ሣር የሚባለውንም ብዙዎች እንደሚያስቡት አኮረስ የሚባለው ተክል ከሆነ ተውነው፤ ያን ተክል ዩናይትድ ስቴትስ በ1968 እ.ኤ.አ. ከምግብ ውስጥ ከልክላዋለች። ናርዶስን መተው ግን ከበደን። የሚገኘው ከሂማላያ ተራሮች ነው፤ ሥሩ እየተነቀለ ስለሚሸጥ ተክሉ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ተቈጥሯል። ንግዱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ለአንድ ምሽት ደስታ እርሱን መግዛት አልወደድንም።

ዝባድስ? ብለው የጠየቁን አሉ። ዝባድ የአገራችን የቆየ ንግድ መሆኑ እውነት ነው፤ በመጽሐፉ ግን የለም፤ እንስሳውንም በጠባብ ቀፎ አስሮ የሚፋቅ ነገር ነው። እምቢ አልን።

ከአበባ ወገን መጽሐፉ የሚጠራው በዓይን ጋዲ የወይን ቦታ የሚያብበውን ሂና ነው። አበባውን ስላላገኘን በእርሱ ፈንታ የደጋችንን ጠምበለል አስገባን። «ጽጌረዳን ከልክላችሁ ጠምበለልን በየትኛው ሥልጣን ታስገባላችሁ?» ያለን ጓደኛ ደኅና ተናግሯል። መልሳችን አጭር ነው፤ ጽጌረዳ ሲገባ ሰው ሁሉ ከመጽሐፉ የመጣ ይመስለዋል፤ ጠምበለሉን ግን እንግዳ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ ጽፈነዋል። አበባው ከተቀጠፈም በኋላ መዐዛ መስጠቱን ስለማያቆም በማታ ቀጥፎ፥ ጥቂት አጠውልጎ፥ ዘይቱ ውስጥ መንከርና በየቀኑ በአዲስ መለወጥ ነው። ዐሥር ቀን ይበቃል።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ሰውን ንጹሕ እንደማያደርግ ከዚህ ሥራ ውስጥ ሳለን ገብቶናል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአገራችን ዕጣን ዛፍ በአብዛኛው በሚገኝበት ቦታ ለአያሌ ዐሥርት ዓመታት ወጣት ችግኝ አልተተካለትም፤ እንዲህ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ምክንያቶቹም እሳት፥ ከብት፥ ግንዱን የሚበላ ጥንዚዛና ዛፉን ያለ ዕረፍት ማድማት ናቸው። ሙጫው ደግሞ አብዛኛው ሳይነጠር፥ ሳይጨመቅ በጆንያ ይወጣል፤ ትርፉን የሚያገኘው ዘይቱን ያወጣው ነው። የኬሚስትሪና የእርሻ ተማሪዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል፤ ዛፉን የሚያሳርፍ አደማም ሆነ ዘይቱን እዚሁ የሚያወጣ መሣሪያ የማን የመመረቂያ ጽሑፍ እንደሚሆን መጠየቅ እንወዳለን።

ጠርሙሱ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቆዳው የሚቆጣ ሰው በክንዱ ውስጥ አንድ ጠብታ አድርጎ እስከ ነገ ይጠብቅ። ሌሎቻችሁም ከተቀባችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንዳትፈርዱብን እንለምናለን፤ መጀመሪያ የሚሸተው ጠምበለሉ ነው፥ ከርቤው ዘግይቶ ይመጣል።