ቤተ መዘክርና የተራበ አገር
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዝናም በሚቀርበትና አፈሩ በጎርፍ በሚታጠብበት አገር ስለ ቤተ መዘክር መናገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። «ሕዝብ እህል ሲፈልግ እናንተ የደረቀ ቅጠልና ገለባ የተሞላ የአውሬ ቆዳ ታሳዩታላችሁን?» ይለናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከገዛ ማሳችን ይገኛል።

በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከየአገሩ ተሰብስቦ የተቀመጠ በሺሕ የሚቆጠር የማሽላ ዓይነት መርምረው ውጤቱን አወጡ። ላይሲን የተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር በብዛት የተገኘው በሁለቱ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም የወሎ ማሽላዎች ናቸው። ገበሬያችን እንዲህ ያለውን ማሽላ እሸቱን ጠብሶ እየበላ «ወተት በጉንጬ» ሲለው ኖሯል። ያ ዓመት ግን ወሎ በረሃብ ያለቀበት ዓመት ነው። የእህላችን ብልጫ ባሕር ማዶ ሲጻፍ የእህሉ ባለቤት በየመንገዱ ዳር ይወድቅ ነበር።

ማሽላው ሊመረመር የቻለው አስቀድሞ ሰብስቦ ያስቀመጠው ሰው ስለ ነበረ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ቤተ መዘክርም ሥራው ይኸው ነው። አንድ ቅጠል ከየት ቦታና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተቆረጠ ተጽፎበት ሲቀመጥ ምስክር ይሆናል። ምስክር ከሌለ ግን ከሀብሩ ተራሮች የትኛው ዛፍ እንደ ጠፋ፣ ፓርቴኒየም የሚባለው መጤ አረም ወደ ማሳችን መቼ እንደ ገባ በግምት ከመናገር አናልፍም።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። ዕፀዋት ደርቀው የሚጠበቁበት ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959፣ የዘር ባንኩ ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ተቋቁመዋል። የዘር ባንኩን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነባር ዘር ከገበሬው እጅ እንዳይጠፋ ታግለዋል። ነገር ግን ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በወልድያ ወይም በመርሳ አንድ ክፍል፣ ጥቂት መደርደሪያና መዝገብ ይሰጠን። እኛም ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንሄድ ዘሩን፣ ቅጠሉንና ነፍሳቱን ከነአገርኛ ስሙ ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቀን እናምጣ። ከእያንዳንዱም ግማሹ ወደ አዲስ አበባ ይላክ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ላይ የደረሰው ዝርፊያ፣ ሀብትን በአንድ ቤት ብቻ ማኖር እንደማይበጅ አስተምሮናል።

ጓደኞቻችን! መርሳ የከተማችን ስም ይሁን እንጂ የልማዳችን ስም አይሁን።