አረንጓዴ ትውከት ጊዜ አይሰጥም
(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራስ እናቶችና ለአባቶች በተዘጋጀ የጤና ትምህርት ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የጤና ሠራተኞች በየብሎኩ ስንዞር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። «አንጀቱ ተዘግቶ ለተወለደ ሕፃን ሆዱ ከሚከፈት በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ቢሠራለት አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ዛሬ የምንነጋገረው በዚሁ ላይ ይሆናል።

አንዳንዱ ሕፃን ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀቱ ተደፍኖ ይወለዳል። ሌላው ደግሞ አንጀቱ ገና በማህፀን ሳለ ቦታውን በትክክል ሳይዝ ይቀርና ከተወለደ በኋላ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። የተጠመዘዘ አንጀት ደም ስለማይደርሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ የእናት ጥፋትም የቡዳ ሥራም አይደለም።

ሆድ ተከፍቶ በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አንጀቱን በዓይኑ እያየ፣ በእጁ እየነካ ይሠራል። ለተጠመዘዘ አንጀት ዛሬም የሚሠራበትን ዘዴ የቦስተኑ ሐኪም ዊሊያም ላድ በ1936 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። በካሜራው ዘዴ ግን የሕፃኑ ሆድ በጋዝ ይነፋና ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች በትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ጠባሳው ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሕፃኑ ቶሎ መጥባት ይጀምራል። በሌላ በኩል ሥራው ረዘም ያለ ሰዓት ይወስዳል፣ የአራስ ሆድ ጠባብ ነው፣ ጋዙም አተነፋፈሱን ይጫናል። በዚህ የሠለጠነ ሐኪም፣ የአራስ ማደንዘዣ ባለሙያና ልዩ መሣሪያም ይፈልጋል። ስለዚህ አንጀቱ ተጠምዝዞ የተዳከመ ሕፃን ሲመጣ አብዛኞቹ ሐኪሞች ሆድ መክፈትን ይመርጣሉ። በካሜራ የተጀመረውም አስቸጋሪ ከሆነ ሆድ ተከፍቶ ሊጨረስ ይችላል። ይህ ለሕፃኑ ደኅንነት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ በሁለቱም መንገድ ለአንጀቱ የሚደረግለት ሥራ አንድ ነው፤ የሚለያየው መግቢያው ነው። መግቢያውን ሐኪሙ ይመርጣል። ሕፃኑ የሚደርስበት ሰዓት ግን በአብዛኛው በእናንተ እጅ ነው። ከዚህ እስከ ሎድዋር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ኤልዶሬትና ናይሮቢ ከዚያም ይርቃሉ። በቤት የባከነች ሰዓት ከጠባሳው መጠን ይልቅ ሕፃኑን ትጎዳዋለች።

ስለሆነም የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ በሉ፦
- አረንጓዴ ትውከት፤
- የሆድ መነፋት፤
- በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቁሩን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር አለመውጣት፤
- ጡት እምቢ ማለትና መዛል።

ሕፃን ጠብቶ ነጭ ወተት ቢያቀረሽ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። አረንጓዴ ከሆነ ግን አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይነጋል ብላችሁ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል አምጡት። ቅቤ አታውጡት፣ ውኃም አብሽም አትስጡት፣ ሆዱን አታሹት። የቆሸሸውን ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፤ ቀለሙን አይተን ቶሎ እንረዳለን። በመንገድ ላይ ብርድ እንዳይመታው እናት ደረቷ ላይ ለጥፋ ትሸፍነው። ጡት ይቁም አይቁም የጤና ሠራተኛው ይነግራችኋል።

አባቶችም ሆይ፣ ጎረቤትን እስክናማክር አትበሉ፤ ይህን የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።