መሪ ማዞር ብቻውን ሹፌር አያደርግም
(በሰሜን ሸዋ፣ ከማታ ትምህርት በኋላ ለጎልማሶች የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንድ ወጣት ጥያቄ አቀረበልኝ። ይህ ወጣት ከደብረ ብርሃን አንኮበር በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነው። «መምህር፣ መሪ ማዞር ችያለሁ፤ ማርሽም እለውጣለሁ። አንድ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከሰጠኸኝ ያለ ፈተና መንጃ ፈቃድ አወጣልሃለሁ ብሎኛል። ታዲያ ለምን ፊደል ስቆጥር እከርማለሁ?» አለኝ። ጥያቄው ሁላችንንም ይመለከታልና ዛሬ በዚሁ ላይ እናገራለሁ።

መንጃ ፈቃድ ማለት ምንድን ነው? «ይህ ሰው ዓይኑ በደንብ ያያል፤ ሕጉን ያውቃል፤ መኪናውን ይቆጣጠራል» የሚል ምስክር ነው። ስለዚህ አመልካቹ የጤና ምርመራ ያደርጋል። ማሠልጠኛ ገብቶ ይማራል። ከዚያም የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይፈተናል። ሕጉ የትምህርት ደረጃም ይጠይቃል። ፊደል መቁጠር እንግዲህ የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ነው።

እጅ ቢለምድም ሕግ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ቀድሞ በአገራችን መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረ። እስቲ አስቡት! ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌር እንኳ ያን ለውጥ ሳይሰማ በለመደው በኩል ቢሄድ፣ ከወገኑ ጋር ፊት ለፊት ይጋጭ ነበር።

ምክንያቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ፣ የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍን መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ጉምም ይለብሳል። የአንኮበርንም ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ ፍሬን ብቻ እየረገጡ ሲወርዱ ፍሬኑ በሰበቃ ይግላል። በጣም የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። የተማረ ሹፌር ግን ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል።

በገንዘብ የተገዛ ወረቀት ይህን አያስተምርም። ትራፊክ ፖሊስ ቢያሳልፈው ቁልቁለቱ አያሳልፈውም!

ያልተገራ ወይፈን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ቢበዛ ሞፈር ይሰብራል። ያልሠለጠነ ሹፌር ግን ከገበያ የሚመለሱ እናቶችንና ልጆችን ይጨርሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

የመንገድ ምልክትም እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ዙሪያው ቀይ የሆነ ሦስት ማዕዘን «ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ስምንት ማዕዘን ባለው ቀይ ሰሌዳ ላይ ደግሞ በነጭ «ቁም» ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ፊደል ናት! ትናንት ያ ወጣት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ጻፋትና፣ «እስከ ዛሬ በቀለሟ ብቻ ነበር የማውቃት» አለ።

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለማሠልጠኛው አጠራቅም። ደብተርህንም አትጣል። ነገ አንተ ስትነዳ የምንሳፈረው እኛው ነን።